አባባ የወደቁት መታጠቢያ ቤት አይደለም

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝሽ ቀኝ ጉልበትሽ ዘንድሮስ ተወሽ ወይ? የደም ግፊት መድኃኒትሽን በየቀኑ ትወስጃለሽ ወይስ አሁንም "ዛሬ ደህና ነኝ" እያልሽ ትዘያለሽ? ጋሼስ እንዴት ናቸው? የዓይናቸውን ሞራ ካስነሡ በኋላ ጋዜጣውን በራሳቸው ማንበብ ጀመሩ ወይስ ዛሬም አንቺን ያስነብቡሻል? ትልቋ ልጅሽ የአራስነት ጊዜዋን በሰላም ጨረሰች? ሕፃኑስ እንቅልፍ ሰጣችሁ? መንታዎቹ ፈተናቸውን እንዴት ሆኑ? የሁላችሁንም ነገር በየተራ ጻፊልኝ፤ አንዳችሁንም አትዝለይብኝ።

እኔን ብትጠይቂኝ፣ "ሁላችንም ደህና ነን" የሚል መስመር ጽፌ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይኼ ሦስተኛው ነው። ደህና አይደለንም። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ አንቺ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔ ግማሹን እመልስልሻለሁ፣ ከዚያ ድምፄ ሲለወጥብሽ "በቃ ተወው፣ አንተም ደክሞሃል" ብለሽ ታሳልፊኛለሽ። መታለፍ የለብኝም። አቋርጠሽ ሳታዝኝልኝ እስከ መጨረሻው እንድታነቢኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

አባባ የወደቁት መታጠቢያ ቤት አይደለም። ሚስቴም ወለል አርጥባ አልተወችም። የወደቁት ግቢያችን ውስጥ፣ የመኪና መተላለፊያው ላይ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ፀሐይ ጭንቅላት እየበሳች ነው። ቦታውን ለሽማግሌ የማይሆን ያደረገው ደግሞ የእኔ ሜትርና የእኔ እርሳስ ነው። ስትደውዪ አፌ ላይ የመጣልኝ መታጠቢያ ቤት ስለሆነ እሱን አልኩሽ። አንቺም በማግስቱ ለሚስቴ ደውለሽ "ሽማግሌ ያለበት ቤት ወለሉ እንዲህ ይተዋል ወይ? ጨርቅ ማንጠፍ ይህን ያህል ከበደሽ?" ብለሽ ስትቆጫት እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። "ልክ ነሽ እትዬ፣ የእኔ ጥፋት ነው፣ አላስተዋልኩም" አለችሽ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ዓይኔን እያየች፣ "ይኸው ተሸክሜልሃለሁ። እስከ መቼ እንደምሸከምልህ ግን አንተ ንገረኝ" አለችኝና ወደ ማድቤት ገባች። ይኸው አምስተኛ ሳምንታችን ነው፣ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ባትናገር ነው የባሰብኝ።

ግቢያችንን መጥተሽ ስላላየሽው እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ። በአንድ አጥር ውስጥ አምስት አምስት ፎቅ ያላቸው ሦስት ሕንጻዎች አሉ። ከፊታቸው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የመኪና ማቆሚያ ረድፎች ነበሩ፤ በያንዳንዱ ረድፍ አሥራ ዘጠኝ ቦታ፣ በመካከላቸው መተላለፊያ። ሠላሳ ስምንት ቦታ ማለት ነው። መኪና ያለው ቤት ግን ሃምሳ ሰባት ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ዋና መንገድ ስለሆነ መኪና አቁመሽ ብትሄጂ ጎትተው ይወስዱታል። ስለዚህ ቀድሞ የመጣ ያቆማል፣ የዘገየ ራቅ ካለው ገበያ ጀርባ አቁሞ ግማሽ ሰዓት በእግሩ ይመጣል።

ይህ ምን እንዳመጣ ብነግርሽ የሕፃናት መዋያ የማወራ ይመስልሻል። አንዱ በርሜል ያቆማል፣ አንዱ ድንጋይ ይደረድራል፣ አንዱ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይደፋል። የሁለተኛው ሕንጻ ሴትዮ ባሏ ከሥራ እስኪመጣ ወንበር አውጥታ ባዶው ቦታ ላይ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራ ነበር። አንዱ ጎረቤት በመስኮቱ ብቅ ብሎ "አንቺ ደግሞ የምን ሞዴል መኪና ነሽ?" ቢላት፣ ቀና እንኳን ሳትል "ሞተሬ እስኪሞቅ ጠብቅ፣ ያኔ ታውቀዋለህ" አለችው። የምንስቅበት ጊዜም ነበር ለማለት ያህል ነው። ጎማ የተበሳበትም፣ ሰው በሰው ላይ ቁልፍ የወረወረበትም ነበር። ከሁሉ የባሰው የውሃ ቧንቧ ሥራ የሚሠራው ባለፒክአፕ ነው። ያንን ግንድ የሚያህል መኪናውን ሁለት ቦታ ላይ አጋድሞ ያቆምና "መኪናዬ ወፍራም ነው፣ እኔ ምን ላርገው?" ይል ነበር። እኔ አንድ ቀን ሜትር አውጥቼ እሱ እያየ መኪናውን ለካሁና በአንድ ቦታ እንደሚገባ በቁጥር አሳየሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ትቶ "ጋሽ ሜትር" ይለኛል። ግቢው በሙሉ ተከተለው።

ታውቂኛለሽ፤ የተዛነፈ ነገር ሳይ ቆሽቴ ያርራል። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ሁላችሁም ልታፍሩ ይገባችኋል አልኳቸው። እነሱም "እንግዲያው አንተው ሥራው" ብለው የማቆሚያ ጉዳይ ኃላፊ አደረጉኝ። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው። ማንኛውንም ነገር ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለሚያስተላልፉት "በቀጠሮ" እንላቸዋለን። እሳቸው ሦስት ዓመት ያስተላለፉትን እኔ በሦስት ወር ጨረስኩት። አሥራ አራት አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፍኩ። ለአንድ ቤት አንድ ቦታ፣ በዕጣ፣ ለአንድ ዓመት። ያልደረሰው በተራ ይጠብቃል። ቦታውን አሥራ አምስት ቀን ባዶ የተወ ለተረኛው ይለቃል። መተላለፊያው ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ መቆም የለም። የትኛው አንቀጽ ስንተኛ እንደሆነ ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሺኝ እነግርሻለሁ።

ረቂቁ እንደተለጠፈ የሕክምና ወረቀት ይጎርፍ ጀመር። በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ማስረጃ መጣ። ወገብ የያዘው፣ አስም ያለበት፣ "እናቴ መራመድ አትችልም" የሚል፤ እናቲቱን ግን በየጠዋቱ ስትሮጥ ነው የምናያት። "በቀጠሮ" ወረቀቶቹን እያገላበጡ "በዚህ ግቢ ከእኔና ከጋሽ ሜትር በቀር ጤነኛ የለም ማለት ነው" አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ደሜ ፈልቶ እዚያው አሥራ ሁለተኛውን አንቀጽ ጻፍኩ። በዕድሜ፣ በሕመም፣ በሥልጣን፣ በማንኛውም ምክንያት ለማንም የተለየ ቦታ አይሰጥም። ከአሥራ አንዱ ስንቱ እውነተኛ እንደሆነ ቁጭ ብዬ አልመረመርኩም። ሁሉንም ባንድ ላይ ጣልኳቸው። ሚስቴ ያን ዕለት "የአባባን ወረቀት ለምን አታስገባም? የእሳቸው እንኳን የውሸት አይደለም" አለችኝ። እኔ ደንብ እያወጣሁ በአባቴ ስም ቦታ ብወስድ ነገ ምን አፍ ይኖረኛል አልኳት። "አፍ ይቅርብህ፣ ቦታ ይኑርህ" አለችኝ። እትዬ፣ በዚያ መልሴ ኮርቼበት ነበር። ደግሜ ደጋግሜ ለራሴ እየነገርኩ ተደስቼበታለሁ።

አሁን ዋናው ጥፋት መጣ። ዕጣ ለሠላሳ ስምንት ቤት ብቻ መድረሱ አላስቻለኝም። ሜትሬን ይዤ ወረድኩ። የእያንዳንዱን ቦታ ስፋት ሁለት ሜትር ከሰባ አምስት ሳንቲ ሆኖ አገኘሁት። ደህና መኪና አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ቢሆን ነው። ከእያንዳንዱ ቦታ አርባ ሳንቲ ቀንሼ መስመሩን እንደገና ባስቀባው በያንዳንዱ ረድፍ ሃያ ሁለት፣ በድምሩ አርባ አራት ቦታ ይወጣል። ስድስት ቤት ከመንከራተት ይድናል። ስድስት ቤት! በእውነት ነው የምልሽ፣ መንገድ ሠርቼ ድልድይ ሠርቼ እንደዚያ ቀን ሆኖ አያውቅም ደስታዬ። ንድፉን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳሰምር አባባ በመደገፊያቸው እየተጎተቱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው አይደሉ፣ መስመር ሲያዩ ዝም አይሉም። በጣታቸው አንዱን ሳጥን ነክተው "ለክንድ ምን ያህል ተውክለት?" አሉኝ። እኔም "አባባ፣ መኪና እኮ ነው፤ ክንድ የለውም" ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም ባልዛለው የፊታቸው ጎን ሳቁ። ስለ ኮት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

አዲሱ መስመር የተቀባ ቀን ግቢው አጨበጨበልኝ። ከስድስቱ አንዷ ነርሷ ናት፤ ብቻዋን ሁለት ልጅ የምታሳድግ፣ በሆስፒታል ፈረቃ የምትሠራ። ገበያው ጀርባ አቁማ በእግሯ ስትመጣ ሁለት ጊዜ ቦርሳዋን ነጥቀዋታል። ቁጥሯን ስሰጣት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ "እንዲህ የሚያስብልን ሰው አለ ወይ?" አለችኝ። ለአራት ወር በግቢያችን የክላክስ ጩኸት አልተሰማም። እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር የምወጣ የምገባው።

ግን መኪና ሲቆም ሰው መውረዱን ረስቼዋለሁ። በአዲሱ መስመር ጤነኛ ሰው ሆዱን ስቦ፣ በሩን ጎረቤቱ መኪና ላይ አስደግፎ ሹልክ ይላል። አባባ ግን ቀኝ ጎናቸው የዛለ፣ ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዘው የሚቆሙ ሰው ናቸው። በሩ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ እግራቸው አይወጣም። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከፊዚዮቴራፒ ስንመለስ መተላለፊያው ላይ አቆማለሁ፣ አወርዳቸዋለሁ፣ ሕንጻው በር ላይ አድርሼ ሊፍት ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ይህ በትንሹ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ደንቡ ሁለት ይላል። ለጥበቃው ፊሽካ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ የቆመ ካየህ ንፋ ብዬ። "እርስዎንም ኢንጂነር?" ሲለኝ "በተለይ እኔን" ብዬዋለሁ። ታዛዥ ሰው ነው። ሲነፋ አንገቱን አቀርቅሮ ነበር፣ ግን ይነፋል።

እኔም ዘዴ ፈጠርኩ። አባባን አወርድና ከሕንጻው በር ትይዩ፣ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ሥር አቁሜያቸው፣ "አንዴ ይጠብቁኝ" ብዬ መኪናዬን ቦታዋ አስገብቼ እመለሳለሁ። ለማቆም ሁለት ደቂቃ፣ ለመመለስ አንድ። በደንቡ ውስጥ ነኝ። እንደዚያ አድርገን ሁለት ወር ቆየን። አባባ አንድም ቀን አላጉረመረሙም። ሚስቴ ግን በመስኮት አይታን "እንደ ዕቃ ነው እኮ የምታስቀምጣቸው" ብላኝ ነበር።

ያን ዕለት ማክሰኞ ነበር። አባባን አወረድኳቸው። ከኋላዬ ባለፒክአፑ መጥቶ ቆመ። ክላክስ አደረገ። ጥበቃው ነፋ። አባባ ደንገጥ ሲሉ አየሁ፤ "አይዞዎት፣ ይቺን አጥብቀው ይያዙ፣ መጣሁ" አልኳቸው። ወደ ቦታዬ፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ ገባሁ። በግራዬ ያለው ጎረቤት መስመሩን ረግጦ አቁሟል። የእኔ በር አንድ ጋት እንኳን አልከፈት አለኝ። ማርሹን ተሻግሬ፣ በሌላው ወንበር በኩል፣ የሃምሳ አራት ዓመት ሰውዬ እንደ ሌባ ተጣጥፌ ስወጣ ጩኸት ሰማሁ። ባለፒክአፑ ሲያልፍ መኪናው ትልቅ ስለሆነ አባባ ሊያሳልፉት አንድ እርምጃ ወደኋላ ብለዋል። ጠርዙ ከኋላቸው ተረከዛቸውን እንደሚጠልፍ አላወቁም። መኪናው አልነካቸውም። ማንም አልነካቸውም። መንገድ ለመልቀቅ ብለው ነው የወደቁት።

ስደርስ ባለፒክአፑ ወርዶ ተንበርክኳል። አባባን እንደ ሕፃን አቅፎ አነሣቸው፤ እኔ መደገፊያውን ብቻ ነበር ያነሣሁት። የኔን መኪና ልናመጣ ብንል የሹፌር በሯ ስለማይከፈት በእሱ ወሰድናቸው። መንገድ ላይ ያንን ሁሉ ዓመት የሰደብኩት ሰው "አባቴ፣ ደርሰናል፣ ደርሰናል፣ እጄን ይያዙ" እያለ ነበር የሚነዳው። ሆስፒታል በር ላይ ወደኔ ዞሮ "ሰውዬ፣ አባትህን መንገድ ዳር አቁመህ የምትሄደው ምን ቸግሮህ ነው? ትንሽ ብጠብቅህ እሞት ነበር?" አለኝ። ክላክስ ያደረገው እሱ እንደነበር ረስቶታል። እኔም አላስታወስኩትም። ምን ብዬ?

የዳሌ አጥንታቸው ነው የተሰበረው። ይህን ያህሉ የነገርኩሽ እውነት ነው። ቀዶ ጥገናውም ደህና ሆኗል፣ ይህም እውነት ነው። ሐኪሙ ግን ለአንቺ ያልነገርኩሽን ነገር ብሎኛል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለስድስት ወር ሳያቋርጡ ካልተለማመዱ ከአልጋ እንደማይነሡ አስረግጦ ነግሮኛል። ያ ማለት በሳምንት ሦስት ጊዜ ከዚያ መተላለፊያ ላይ መውጣትና መውረድ ነው።

ስለዚህ ስብሰባ አስጠራሁ። ከሕንጻችን በር አጠገብ ያሉ ሁለት ቦታዎች ለማንም ሳይሰጡ ሰው ማውረጃ ይሁኑ አልኩ። አስተካክዬ ነበር የተናገርኩት፤ ንድፍም ይዤ ነበር።  ከዚያ ነርሷ ተነሣች። ከሁለቱ ቦታ አንዱ የእሷ ነው። "ኢንጂነር፣ ለአባትዎ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ሆስፒታል ሄጄም ጠይቄያቸዋለሁ። ግን ይህን ቦታ 'መብትሽ ነው' ብለው የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ነገ ማታ ፈረቃ ወጥቼ ገበያው ጀርባ ሳቆም ለልጆቼ ማን መብታችሁ ነው ይበላቸው?" አለችኝ።  ትክክል ናት። ሁሉም ትክክል ናቸው። ፀሐፊው ደግሞ ተነሥቶ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አወጣና የእኔን ንግግር አነበበልኝ። "ዛሬ ለአንዱ ብናዝን ነገ ለሁሉም ማዘን ይኖርብናል" ብዬ ነበር። ከኋላ አንዱ "ጋሽ ሜትር፣ ሕጉ ሲያመን ዝም፣ ሲያምህ ስብሰባ?" ሲል ሳቁ። ዘጠኝ ደገፉኝ፣ ሠላሳ ስድስት ተቃወሙ፣ አራት ዝም አሉ። ከዘጠኙ አንዱ ባለፒክአፑ ነው። ከአሥራ አንዱ ወረቀት አምጪዎች ግን አንድም እጁን አላነሣልኝም። ያልኳቸውን አልረሱም።

ሌላም ሞከርኩ። እንግዲያው የራሴን ቦታ ልልቀቅ፣ እሱ ማውረጃ ይሁን፣ እኔ ገበያው ጀርባ አቆማለሁ አልኩ። "በቀጠሮ" ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው፣ የተለቀቀ ቦታ ለተረኛ እንጂ ለሌላ ጥቅም አይውልም አሉኝ። ዘጠነኛው አንቀጽ። ተረኛው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፣ ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ነገሩ በዓመታዊው ጉባኤ ይታይ አሉ። ከአሥር ወር በኋላ ማለት ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አይጨነቁ፣ እስከዚያ መተላለፊያው ላይ እንደልብዎ ይቁሙ፣ ማን ምን ይልዎታል? ጥበቃው ሌላ ቦታ ያያል" አሉኝ።

እንግዲህ ያ ነው ያበቃልኝ። እንዳላዩ ሆነው አለፉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወርጄ ባየሁ ቁጥር ሦስት መኪና መተላለፊያው ላይ ቆሟል። ጥበቃው ቢነፋባቸው "ለጋሽ ሜትር አትንፋ ተብለህ ለኛ ትነፋለህ?" ይሉታል። ቅዳሜ ዕለት ሁለት ሰዎች ተደባድበው የአንዱ ጥርስ ረግፏል። በርሜሉም ድንጋዩም ተመልሷል። ሴትዮዋ እንኳን ወንበሯን አውጥታለች። ያን ሁሉ የደከምኩበት ደንብ አባቴን ሰብሮ፣ እሱም ራሱ ተሰበረ። ማንንም ሳያተርፍ። ሌሊት ተኝቼ የምቆጥረው ብታይ ታዝኚያለሽ፤ አርባ ሳንቲ፣ አርባ ሳንቲ። ይህን ያህል ተምሬ፣ ይህን ያህል ዓመት ሰው የሚሄድበትን መንገድ እየሠራሁ፣ ሰው ከመኪና እንደሚወርድ አላሰብኩም። ይህን ስህተት የትኛውም ያልተማረ ሰው አይሠራውም።

አባባ ዘንድ ልምጣ። ሁሉንም ሰምተዋል፤ ነርሷ ስትጠይቃቸው ነግራቸዋለች። አልተቆጡም። ብቻ ትናንት ፀጉራቸውን ስላጫቸው መስታወቱን አስቀምጥ አሉኝና፣ "ልጄ፣ እዚያ ጠርዝ ላይ ሁለተኛ አልቆምም። ጡሩምባው ሲመጣ ልቤ ትወጣለች። ወደ እህትህ ውሰደኝ" አሉኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንቺ "ቤቴ ምድር ላይ ነው፣ ደጄም ሰፊ ነው፣ ክሊኒኩም ማዶ ነው፣ እኔ ልያዛቸው" ስትዪኝ "ወንድ ልጅ እያላቸው በሴት ልጅ ቤት አይጦሩም" ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ እንደዘጋሁት ታስታውሺያለሽ። እኔ አልረሳሁትም። አንቺ ረስተሽው ከሆነ ይኸው አስታወስኩሽ፤ እንዳሻሽ አድርጊኝ።

ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ረዥም መንገድ ተቀምጠው መጓዝ ይችላሉ ብሏል። ባለፒክአፑ ሰምቶ፣ "ኋላው ላይ ፍራሽ አነጥፍና እኔ አደርሳቸዋለሁ" ብሏል። እምቢ አላልኩትም። እምቢ የምልበት ወኔ አልቋል። አንቺ ክፍላቸውን በበሩ በኩል ካለው አድርጊው፤ አልጋቸውም ከጉልበታቸው ዝቅ አይበል። ግራ እጃቸው ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ የሚይዙት ነገር ሁሉ በግራ በኩል ይሁን። ሾርባ ሲሞቅ ይወዳሉ እንጂ ሲያቃጥል አይወዱም፤ አይነግሩሽም፣ ዝም ብለው ይተዉታል። ከሰዓት በኋላ ቁልፍ የሚተክሉት ልብስ ስጪያቸው፤ በአንድ እጃቸው አንድ ቁልፍ ለመትከል አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ግን የዛ ቀን እንቅልፋቸው ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ ሚስቴ ናት የምታውቀው፤ እሷ ናት ያስጻፈችኝ።

ስለ እሷም አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ እንዳነበብሽ ደውዪላት። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ። "አንቺ አልነበርሽም" በያት። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። እኔን የምትዪኝን ነገር ስንገናኝ ትዪኛለሽ። አሁን ከውስጤ የቀረ ክርክር የለም። እንደ ድሮው እንድትገሥጪኝ እንኳን አልለምንሽም፤ የምትገሥጪው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጋሼን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ለአባባ ማታ ማታ ጋዜጣ እንዲያነቡላቸው አደራ ብያቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ከዳነ ሰበብ የላቸውም። ትልቋ ልጅሽን እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ሕፃኑንም አጎትህ ከጉንጭህ ቆንጥሮሃል በይልኝ። መንታዎቹን፣ አያታችሁ እየመጡ ነው፣ መደገፊያቸውን መጫወቻ ያደረገውን እኔ ነኝ የማየው በያቸው። ጎረቤትሽን፣ ያቺን ያለ ሰላምታ የማታሳልፈኝን ልብስ አጣቢ፣ ሰላም በያት። ሚስቴ ሰላም ብላሻለች፤ ጉልበትሽን በሞቀ ውሃ ጨርቅ ያዥው ብላለች።

አባባ አሁን ከአጠገቤ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ሙሉውን አነበብኩላቸው። ሲያልቅ "በጣም ረዘመ" አሉ። ከእርስዎስ ምን ልጻፍላት ብላቸው፣ "እመጣለሁ በላት" አሉኝ። ሌላስ ብላቸው፣ "ሌላ የለም፤ አንተም አትጨምር" አሉኝ።

ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአባባ አልጋ አጠገብ
ኅዳር 18 ቀን